ሐዲዱን ሳይመረምሩ ልጁን አይውቀሱ

የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጉዳይ ነው?» ያሰኝ ይሆናል። ነገሩ የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ ነው።

ጥያቄው የደረሰን በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛለትን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ ሁለት ሳምንት ያህል በደስታ ሲጫወትበት ቆየ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ አንድ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ቀጥ ማለት ጀመረ። የመጨረሻው ፉርጎም መስመር መቀየሪያው ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ሌሊቱን በሥራ አድረው የመጡት አባት ነገሩን አዩና «ታግለህ ሰበርከው» አሉት። ልጁም «ወላሂ አልሰበርኩትም!» አለ። አላመኑትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ባቡሩ በካርቶን ታሽጎ አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ ልጁም ዓይኑን ከስልክ ላይ አያነሳም። እናትየው የጠየቁን ሁለት ነገር ነው፦ ዕቃው የሚጠገን ነው ወይስ ይጣል? ልጁስ እውነቱን ተናግሮ ይሆን?

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የመጀመሪያውን በደንብ መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሐዲዱ እንሂድ።

የልጅ ጨዋታ ተራ ነገር አይደለም

«የሙስሊም ቤተሰብ መጽሔት ስለ መጫወቻ ምን አገባው?» የሚል ካለ፣ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዑመይር የተባለው ትንሽ ልጅ የሚጫወትባት ወፍ በሞተችበት ጊዜ ስለ ወፏ እየጠየቁ እንዳጫወቱት ያስታውስ። የአላህ መልእክተኛ ያን ሁሉ ኃላፊነት ተሸክመው ሳለ የአንድን ልጅ ሐዘን አልናቁም። እኛም ልጁ የወደደውንና የተጨነቀበትን ነገር ንቀን ካለፍነው፣ ነገ ትልቁን ጭንቀቱን ሊነግረን ወደ እኛ አይመጣም።

በተጨማሪም ይህ ጨዋታ ብዙ ትምህርት በውስጡ ይዟል። ልኬት አለ፣ የኮረንቲ ትምህርት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሶብር አለ። ከስልክ ጋር ብቻውን ከሚውል ልጅ ይልቅ ከአባቱ ጋር ጎንበስ ብሎ የላላ ማያያዣ የሚፈልግ ልጅ የተሻለ ውሎ እንደሚውል ለማንም ግልጽ ነው።

ትንሽ ዕቃ፣ ትልቅ ጥንቃቄ

እናትየው በላኩልን ልኬት መሠረት በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ኤን ተብሎ የሚታወቀው መጠን ሲሆን አርኖልድ የተባለው የኑረንበርግ ከተማ ድርጅት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ለገበያ አውጥቶታል። በዚህ መጠን የሚሠራ ባቡር እውነተኛው ባቡር 160 ጊዜ ተቀንሶ የተሠራ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የባቡር ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ለ160 ብታካፍሉት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይመጣላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም ስፋቱ ይኸው 1435 ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው መስመር ግን 1000 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር።

ልጆቻችን በሙስሊሞች መዋጮ ጭምር ስለተሠራው የሒጃዝ ባቡርም በዚሁ አጋጣሚ ቢማሩ መልካም ነው። በሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራው ተጀምሮ በ1908 ከደማስቆ መዲና የደረሰው ይህ መስመር ስፋቱ 1050 ሚሊ ሜትር ነበር። ልጃችሁ ይህን ለ160 ያካፍል፤ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ያገኛል።

ከሒሳቡ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። በዚህ ትንሽ ሐዲድ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል መዛነፍ በእውነተኛው ባቡር ብትሰላ 8 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። 8 ሴንቲ ሜትር የተዛነፈ ሐዲድ ላይ ባቡር ቢወድቅ ማን ይገረማል? ስለዚህ ዓይን የማያየው ጉድለት ይህን ትንሽ ባቡር ለማቆምም ሆነ ለመጣል በቂ ነው። ያለ ማንም ጥፋት በራሱ ጊዜ የሚመጣ ጉድለትም ብዙ ነው።

ይቆማል ወይስ ይወድቃል?

በመጀመሪያ ሁለቱን በሽታዎች ለዩ። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ እንዳለ ቀጥ ካለ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የኮረንቲ ነው። ከሐዲዱ ከወጣ ግን ችግሩ የቅርጽና የልኬት ነው። የሁለቱም መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው ማከም ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ «ችግሩ የሚከተለው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባቡሩ የትም ቦታ እየቆመ የሚያስቸግር ከሆነ ባቡሩን ጠርጥሩ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን ሐዲዱን ጠርጥሩ። ሌላ ጎታች ካላችሁ በዚያው ቦታ አስኪዱት፤ እሱም ከቆመ ነገሩ አለቀ። ሌላ ከሌላችሁ ያንኑ ጎታች አዙራችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ሞክሩት። ፉርጎንም እንዲሁ ነው። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ቦታ አለዋውጡ። የሚወድቀው ያው ፉርጎ ከሆነ ጥፋቱ የፉርጎው ነው፤ በዚያ ቦታ ሌላው ፉርጎም ከወደቀ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው።

ባቡሩ ሲቆም

ኮረንቲው በአንደኛው ሐዲድ ሄዶ በመንኮራኩሩ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባና በሌላኛው ሐዲድ ይመለሳል። ጉልበቱም እስከ 12 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አቧራ፣ ዘይት ወይም የላላ ማያያዣ ከተገኘ ጉዞው ይቋረጣል።

የቆመውን ባቡር በጣታችሁ በቀስታ ገፋ አድርጉት። ትንሽ ተገፍቶ በራሱ ከሄደ ምናልባት ያ ቦታ ቆሽሿል። ኮረንቲውን ነቅላችሁ ብናኝ የማይተው ጨርቅ ከፋርማሲ በሚገዛ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ የሐዲዱን ላይኛ ገጽ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር ምን ያህል እንደሆነ ታያላችሁ። የመንኮራኩሮቹንም ዙሪያ በጥጥ እንጨት ጥረጉ፤ የቆሸሸ መንኮራኩር በንጹሕ ሐዲድ ላይ ቢሄድ መልሶ ያቆሽሸዋል። ሐዲዱ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ኮረንቲውን አትመልሱት። «አልኮል» ሲባል የሚጠጣው ኸምር አይደለም፤ ቢጠጣ የሚመርዝ፣ በቀላሉም እሳት የሚይዝ ነገር ስለሆነ ትልቅ ሰው መስኮት ከፍቶ ይጠቀምበት። ስለ አጠቃቀሙ ልቡ ያልረጋ ሰው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ።

ብርጭቆ ወረቀት በፍጹም አትጠቀሙ። ሐዲዱን ይቧጭረዋል፤ ጭረቱም ቆሻሻ ይሰበስባል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦም እንዲሁ አይነካው፤ ስብርባሪው በሞተሩ ማግኔት ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባና ሾርት ያደርጋል።

ከጽዳቱ በኋላም ባቡሩ እዚያው ከቆመ፣ ወይም ኮረንቲ ከሚገባበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ እየደከመ ከመጣ፣ ማያያዣዎቹን ጠርጥሩ። እያንዳንዱን የሐዲድ ቁራጭ ከቀጣዩ ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ ብረቶች ተገጣጥመው በተፈቱ ቁጥር ይላላሉ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ቁራጭ ሽቦ ወስዳችሁ የአንዱን ሐዲድ ማያያዣ ግራና ቀኝ አገናኙ። ተጠንቀቁ፤ ሽቦው ያንኑ አንድ ሐዲድ ከራሱ ጋር ብቻ ያገናኝ እንጂ ሁለቱን ሐዲዶች አይንካ። ባቡሩ ከተነሳ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ቴስተር ያለው ሰው መጀመሪያ መቆጣጠሪያው አጠገብ፣ ከዚያም ባቡሩ ከሚቆምበት ቦታ ላይ ቮልቱን ይለካ። ሲለካ ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ይሁን፤ ጭነት በሌለበት ጊዜ የላላ ማያያዣም ጤነኛ መስሎ ይታያልና። ይህ ልኬት የሚሠራው ለተራው የዲሲ መቆጣጠሪያ ነው፤ ዲጂታል የሆኑት በዚህ መንገድ አይነበቡም።

የላላውን ማያያዣ አውጥታችሁ አጽዱት፣ በፒንሳ በቀስታ ጠበቅ አድርጉት፣ መልሳችሁም ግጠሙት። ዘላቂው መፍትሔ ግን ከመቆጣጠሪያው ሌላ ጥንድ ሽቦ ስቦ ከዙሩ ማዶ ባለው ሐዲድ ላይ ማገናኘት ነው። የውጪው ሐዲድ ሽቦ ከውጪው፣ የውስጡም ከውስጡ ጋር ይሁን። ከተዛነፈ ሾርት ይሆናል።

ባቡሩ ብቻ ሳይሆን መቆጣጠሪያውም አብሮ ከጠፋ ወይም የማስጠንቀቂያ መብራት ካበራ ሾርት አለ። ሳንቲም፣ የፀጉር መርፌ ወይም ብሎን በሐዲዶቹ መካከል ወድቆ እንደሆነ ፈልጉ። ከዚህ የረቀቀም አለ። ሐዲዱ ዞሮ በመጣበት መስመር ላይ ፊቱን አዙሮ እንዲመለስ አድርጋችሁ ከገጠማችሁት፣ የግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይገናኛል። እንዲህ ዓይነቱ ዙር በሁለት በኩል በፕላስቲክ ማያያዣ ተለይቶ ለብቻው ማብሪያ ካልተደረገለት በቀር አይሠራም። ስለ መስመር መቀየሪያም አንድ ነገር እወቁ፤ አንዳንዱ ዓይነት ኮረንቲ የሚያሳልፈው ወደተከፈተለት መስመር ብቻ ነው። እዚያ የቆመ ባቡር አልታመመም፤ መንገዱ አልተከፈተለትም እንጂ።

ፉርጎው ሲወድቅ

እዚህ ላይ ዓይንና ጣት ከመሣሪያ ይበልጣሉ። አገጫችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋችሁ በሐዲዱ ርዝመት ትክክል ተመልከቱ፤ ከላይ ሲታይ ቀጥ ያለው መስመር ከጎን ሲታይ የተሰበረ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥፍራችሁን በመገጣጠሚያው ላይ አንሸራትቱ። ጥፍር ከተሰናከለ መንኮራኩርም ይሰናከላል። ብዙ ጊዜ አንደኛው ሐዲድ ወደ ማያያዣው ውስጥ ሳይገባ ከላዩ ተቀምጦ ይገኛል። በኩርባ ላይ ያለ መገጣጠሚያ ደግሞ ቶሎ ይሰበራል።

መስመር መቀየሪያውን ለብቻው መርምሩት። የሚንቀሳቀሱት ሁለቱ ምላሶች ከዳር ሐዲዱ ጋር ጥብቅ ብለው መግጠም አለባቸው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ፀጉር መሐል ከገባች ክፍተት ይቀራል፤ መንኮራኩሩም በክፍተቱ ገብቶ ወደ ሌላ መስመር ይሄዳል። መቀየሪያው ዝርግ መሆኑንም አረጋግጡ። ሰሌዳ ላይ የተመታ ምስማር ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሐዲዱ የተጋደመበትን ፕላስቲክ ያጎብጠዋል፤ የሐዲዶቹም ስፋት ይጠባል።

ፉርጎው ጥፋተኛ ከሆነ መንኮራኩሮቹ በነፃነት መዞራቸውን፣ ፀጉርና ክር አለመጠምጠሙን፣ ማያያዣ መንጠቆውም ወደ ታች ወርዶ መቀየሪያው ላይ አለመጋጨቱን እዩ። ባዶና ቀላል ፉርጎ ከከባዱ ይልቅ ይወድቃል።

ከመቀየሪያው ወደ ግራ ወጥቶ ወዲያው ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መስመርም ፉርጎን ይጥላል። በሁለቱ ኩርባዎች መካከል ቢያንስ የረጅሙን ፉርጎ ያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ አስገቡ። ዳገት ከሠራችሁ በ1 ሜትር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉት፤ ከፍታውም በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይጀምር።

ሙቀትም የራሱ ሥራ አለው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በአውሮፓ ክረምት ከማሞቂያው አጠገብ የተዘረጋ፣ ክፍተት ያልተተወለት ሐዲድ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ሰሌዳውም እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ቢበላሽ እጅ ነካው ማለት አይደለም።

ምንጣፍ ላይ መዘርጋትም አይበጅም። የምንጣፍ ክር ወደ መንኮራኩሩ ይገባል፤ ሐዲዱም በለስላሳ ነገር ላይ ስለሚወዛወዝ ማያያዣው ይላላል። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ለመጀመሪያ ዙር ይበቃል፤ ሲያበቃም ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቆማል።

አንድ በአንድ

በምርመራ ጊዜ ትልቁ ስሕተት ሦስት ነገር በአንድ ላይ መነካካት ነው። ባቡሩ ቢነሳ እንኳ ያነሳው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ወር ሲቆም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ አንድ ነገር ለውጡ፣ አምስት ዙር አስኪዱት፣ በደብተር ጻፉት። ልጁ ቦታዎቹን ቁጥር ሰጥቶ «4ኛው መገጣጠሚያ፣ 5 ጊዜ አለፈ፣ 2 ጊዜ ቆመ» ብሎ ይመዝግብ። ይህ ደብተር ከሁለት ሳምንት በኋላ ከማንኛውም ግምት የበለጠ ይናገራል።

የ«ወላሂ» ነገር

አሁን ወደ እህታችን ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። እኛ ዕቃውን አላየነውም፤ ነገር ግን የጻፉልን ነገር ራሱ ምስክር አለው። የተሰበረ ባቡር የሚቆምበትን ቦታ አይመርጥም። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚቆም ከሆነ፣ ያውም ምንጣፍ ላይ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ከልጁ ይልቅ ወደ ማያያዣው ያደላል። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አውጡና ከላይ ባልነው ተራ መርምሩት።

ሱረቱል ሑጁራት ነገር በደረሰን ጊዜ ሳናጣራ በሰዎች ላይ ጉዳት እንዳናደርስ ያስተምረናል። ይህን ትምህርት ስለ ጎረቤትና ስለ ወሬ ስንናገር እናነሳዋለን፤ በገዛ ቤታችን በትንሹ ልጃችን ላይ ስንፈርድ ግን እንረሳዋለን። ልጅ በአላህ ስም ምሎ እውነት ተናግሮ ካልታመነ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ እውነት ዋጋ እንደሌላት ይማራል። ሁለተኛ፣ የአላህ ስም በአባቱ ዘንድ ክብደት እንደሌለው ያስባል። ከባቡሩ መሰበር የበለጠ የሚያስፈራው ይህ ስብራት ነው።

አባትየውንም አንወቅስም። ሌሊቱን ለቤተሰቡ ሐላል ሪዝቅ ፍለጋ ያደረ ሰው ጠዋት ሲደክመው ቃል ቢያመልጠው ሰው ነውና አይደንቅም። መልካሙ ነገር የእረፍት ቀን መምጣቱ ነው። በዚያ ቀን ከልጁ ጎን ይቀመጡ፤ ሽቦውን እሳቸው ይያዙ፣ ደብተሩን ልጁ ይያዝ። ማያያዣው ላልቶ ከተገኘ «ልጄ፣ ሳላጣራ ፈርጄብሃለሁና አፉ በለኝ» ማለት የአባትን ክብር አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ። ምናልባት ምርመራው ልጁ እውነትም አንድ ነገር እንደሰበረ ካሳየ ደግሞ፣ በጩኸት ሳይሆን በማስረጃ ተነግሮት እንዲጠግን ይደረግ። ልጁም በበኩሉ በየጥቃቅኑ ነገር «ወላሂ» ማለት ተገቢ እንዳልሆነና ያለ መሐላም የሚታመን ሰው መሆን እንዳለበት ይመከር።

ማሳሰቢያ

ሐዲዱ ላይ ያለው ኮረንቲ ትንሽ ቢሆንም ትራንስፎርመሩ የሚሰካው በአውሮፓ 230 ቮልት ላይ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ከሆነ ገመዱ የተላጠ ወይም ሽፋኑ የተሰነጠቀ መሆኑን እዩ፤ እንዲህ ከሆነ ጥገናውን ትታችሁ በአዲስ ለውጡት። ሽፋኑንም አትክፈቱ። ትንንሽ ክፍሎችና ማግኔቶች በሕፃናት አፍ እንዳይገቡ ጨዋታው ሲያበቃ ተቆጥረው ወደ ሳጥናቸው ይመለሱ። አዛን ሲባል ባቡሩ ባለበት ይቁም፤ ከሶላት በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል።

በቤታችሁ የሚያስቸግራችሁን ጉዳይ ጻፉልን፤ አቅማችን በፈቀደ መጠን ኢንሻአላህ በዚሁ አምድ እንመልሳለን። አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን የእውነትና የእዝነት ቤቶች ያድርግልን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።